«ተጠማሁ»፦ በኩላሊት እጥበት ክፍል ያገኘሁት መጽናናት

ይህን የምጽፈው ኩላሊቱ ሥራውን እንዳቆመ ሰሞኑን ለተነገረው ሰው፣ እንዲሁም ከእንዲህ ያለ ሕመምተኛ አጠገብ ተቀምጦ ምን ብሎ እንደሚያጽናናው ለጨነቀው ዘመድ ነው። እኔ በአዲስ አበባ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስሆን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን 4 ሰዓት ደሜ በማሽን ይታጠባል። በክርስትና ተጠምቄ፣ እየጾምኩና እየቆረብኩ ያደግኩ የኦርቶዶክስ ልጅ ብሆንም፣ እምነቴን በእውነት የራሴ ያደረግኩት በዚያ የእጥበት ክፍል ውስጥ፣ እንደ እኔው ከታመሙ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ነው። እዚያ እስክደርስ ግን ብዙ ተሳስቻለሁና ታሪኬ ከስህተቶቼ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ስህተት የተፈጸመው የታመምኩ እንኳ ሳይመስለኝ ነው። በ2007 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን ግቢ የደም ግፊት ምርመራ ሲደረግ የእኔ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ለ4 ወራት ያህል ከወሰድኩ በኋላ ግን ራሴን ስለማያመኝና ድካምም ስላልተሰማኝ «ድኛለሁ» ብዬ ተውኩት። ግፊት እንደ ጥርስ ሕመም ሌሊት አይቀሰቅስም፤ ኩላሊትም አብዛኛውን አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ድምፁን የማያሰማ አካል ነው። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ ደኅና የሆናችሁት መድኃኒቱ ስለሠራ መሆኑን አስቡና ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የደም ክሬቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ተመርመሩ። እኔ ይህን የነገረኝ ሰው አጥቼ አልነበረም፤ ሰምቼ ችላ ያልኩት ራሴ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ፤ ሽንቴ እንደ ሳሙና ያረፋ ጀመር፤ የበላሁት ሁሉ ብረት ብረት እያለኝ ያስመልሰኝ ነበር። ምርመራው በወጣ በማግስቱ አንገቴ ላይ ካቴተር የሚሉት የደም መቅጃና መመለሻ ቱቦ ገብቶልኝ ከማሽን ጋር ተገናኘሁ። በዚያ ቀን ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ሕመሙን አይደለም፤ ደሜ የሚያልፍበት ቱቦ ክንዴ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝን ሙቀት ነው። የገዛ ሰውነቴ ሙቀት ከውጭ መጥቶ ሲነካኝ፣ ከእንግዲህ የራሴ ያልኩት ነገር ሁሉ በሌላ እጅ እንደሆነ ገባኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ሕመሜን ደበቅሁ። ካቴተሩን በሻሽ ሸፍኜ ለባልደረቦቼ የጨጓራ ሕመም ነው አልኳቸው፤ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ምስኪን» እንዳልባል ፈራሁ። ይህ ኩራት ሦስት ወር ሙሉ ብቻዬን አስቀመጠኝ። ወደ እግዚአብሔርም የቀረብኩት በዚሁ መንፈስ ነበር፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲከበር እኔ ቤቴ ተኝቼ «እስከ መጪው ዓመት ከማሽን ካላቀቅኸኝ በእግሬ እመጣለሁ፣ ይህን ያህልም አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ስለት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እናቴ እኔን ያገኘችኝ ተስላ ነው። የእኔ ግን ቀነ ገደብ የተቆረጠለት ውል ነበር፤ ውሉ ካልተፈጸመ እንደምኮርፍ በልቤ አስቀድሜ ወስኜ ነበር።

ምሥጢሩ ሲወጣ ደግሞ ጠያቂዎች መጡ። ከእነርሱ አንዷ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «ምናልባት ያልተናዘዝሽው ነገር ይኖር ይሆን?» አለችኝ። ሌላው በስልኩ የተቀረጸ የፈውስ ምስክርነት አስደመጠኝና ያልዳንኩት እምነቴ ስላነሰ እንደሆነ በዘወርዋራ ነገረኝ። እነዚህን ሰዎች ዛሬ አልቀየማቸውም፤ ነገር ግን ታማሚ የምትጠይቁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኢዮብ ወዳጆች መከራው እጅግ የበረታ መሆኑን ባዩ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያቆሰሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እናንተም ያን የመጀመሪያውን ሰባት ቀን ውሰዱና ሌላውን ተዉት።

በዚያ ንግግር ተገፋፍቼ፣ በጥር ወር ከጥምቀት በዓል በኋላ፣ ለማንም ሐኪም ሳልናገር ከከተማ ወጣ ወዳለ የጠበል ስፍራ ሄድኩ። መሄዴና መጠመቄ ስህተት አልነበረም፤ ስህተቴ 3 ተከታታይ የእጥበት ቀጠሮዎችን መተዌ፣ ካቴተሩ እየራሰ መጠመቄና ጠበሉን በጆግ እያስቀዳሁ መጠጣቴ ነው። ኩላሊት ሲቆም የተጠጣው ውኃ መውጫ የለውም፤ ከእግር ይጀምርና ሳንባ ድረስ ይወጣል። በስምንተኛው ሌሊት ጋደም ማለት አቃተኝ። ቁጭ ብዬ እንኳ ደረቴ ውስጥ የሚንፈቀፈቅ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ካቴተሩ በገባበት በኩል ተመርዞ ኃይለኛ ብርድ ብርድ አለኝ። ወንድሜ በኮንትራት መኪና ሌሊቱን አድርሶኝ ስመዘን ከልኬ 7 ኪሎ በላይ ይዤ ተገኘሁ፤ ያም ሁሉ ውኃ ነው። ካቴተሩ ተነቅሎ በሌላ በኩል ተተከለልኝ፤ 2 ሳምንት ሙሉም የመርፌ መድኃኒት ወሰድኩ።

የንስሐ አባቴ ይህን የሰሙት ሆስፒታል ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ነው። «ልጄ፣ ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ናቸው፤ አንዱን በሌላው ላይ ማን አስነሣብሽ?» ብለው ከሲራክ መጽሐፍ 38ኛ ምዕራፍ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እርሱ መሆኑንና ባለመድኃኒትም እንዲከበር የታዘዘበትን ቃል አነበቡልኝ። እናንተ በእጥበት ላይ ያላችሁ፣ ወደ ጠበል ስትሄዱ ቀጠሯችሁን አታሳልፉ፤ ካቴተር ካለባችሁ ለአጥማቂው አባት አስቀድማችሁ ንገሩና ቦታው ሳይርስ ፊታችሁንና እግራችሁን ይርጩላችሁ፤ የምትጠጡትንም ጠበል ከዕለቱ የውኃ ልካችሁ ላይ ቁጠሩት። አንድ ጉንጭ ጠበል በረከቱ ከጆጉ አያንስም።

ከሞት ጫፍ ከተመለስኩ በኋላ በማሽኑ ላይ ስቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤቶቼን አየኋቸው። ለሦስት ወር ያህል አብሬያቸው ተቀምጬ ፊቴ ወደ ግድግዳ ስለነበር አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር። ክፍሉ 6 ማሽን ነበረው። በስተቀኜ ያለው ገና 24 ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ የወንጌል አማኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በለሆሳስ የሚዘምር ልጅ ነበር፤ መምህርት መሆኔን ካወቀበት ቀን ጀምሮ «ቲቸር» ይለኛል። ፊት ለፊቴ አንዲት ሙስሊም እናት አሉ፤ ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። በመስኮቱ በኩል ያሉት ደግሞ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋሼ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው የነበሩ፣ የዕለቱን ጸሎት በቃላቸው የሚደግሙ፣ በዚያን ጊዜ በእጥበት ላይ 6ኛ ዓመታቸውን የያዙ ሰው።

አንድ ረቡዕ ማሽኑ ብዙ ውኃ ሲያወጣብኝ ግፊቴ ወርዶ እግሬ ተኮማተረና አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከሕመሙ ይልቅ ከምሬት ነው፤ «እኔ ምን አድርጌ ነው?» እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ሲስተር የጀርባ መደገፊያውን አጋድማ፣ እግሬን ከፍ አድርጋ በቱቦው የጨው ውኃ ስትጨምርልኝ፣ ጋሼ በነጻ እጃቸው እግራቸው ላይ የነበረውን ጋቢ ሰበሰቡና «ለቲቸር ስጧት፣ በርዷታል» አሉ። ደም ከሰውነት ወጥቶ ሲመለስ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ ለእሳቸውም በርዷቸው እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ። ለጥያቄዬ መልስ አልሰጡኝም። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አላሉኝም፤ ኃጢአትሽ ነው አላሉኝም፤ ታገሺ እንኳ አላሉኝም። እማማ ብቻ ከፊት ለፊት «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ጋቢ ሥር ሆኜ፣ ከታመምኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ነገር ሳልለምን «አምላኬ፣ አለህ?» ብዬ ጸለይኩ።

የጥማቱን ነገር ያልደረሰበት ሰው አይረዳውም። ኩላሊቱ የቆመ ሰው እንደልቡ አይጠጣም፤ ለእኔ ሐኪሜ የፈቀዱልኝ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሻዩ፣ ሾርባው፣ መድኃኒት የሚዋጥበትም ውኃ በዚያው ይቆጠራል። በእጥበት ክፍል ሰላምታ ሳይቀር «ስንት ኪሎ ይዘሽ መጣሽ?» ነው። ሌሊት በሕልሜ ምንጭ አያለሁ፤ እቃ ሳጥብ ከቧንቧው ሥር አፌን አድርጌ የተያዝኩበት ቀን አለ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልገረማቸውም። በባቡር ሲሠሩ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባለው በረሃ ውኃ አልቆባቸው እንደሚያውቅ፣ ያን ጊዜ አንድ የሸመገሉ ባልደረባቸው «ጥማትን በመጠጣት አትዋጋው፣ በመቁጠር ተዋጋው» እንዳላቸው አጫወቱኝና የሲኒውን ብልሃት አስተማሩኝ።

ብልሃቱ ይህ ነው፤ ጠዋት የዕለቱን ውኃ በአንድ ጠርሙስ ለኩና አስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ የምትጠጡትን ሁሉ በብርጭቆ ሳይሆን በቡና ሲኒ ጠጡ። የእኔ ጠርሙስ 10 ሲኒ ይሞላል። በብርጭቆ ሦስት ጊዜ ተጎንጭቶ የሚያልቀው ውኃ በሲኒ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል፤ አሥር ጊዜ ጠጥቻለሁ ማለትም ለልብ ትልቅ ነገር ነው። ወጣቱ ደግሞ በረዶ መምጠጥን አስተማረኝ፤ አንድ ቁራጭ በረዶ ከአንድ ጉንጭ ውኃ ይልቅ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ እርሱም ግን ይቆጠራል። አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ከሁሉም በላይ ጨውን መቀነስ ይረዳል፤ ወጥ ላይ ጨው ካልቀነሳችሁ ሲኒም በረዶም አያድናችሁም። በየጠዋቱ ተመዘኑ፤ በሁለት እጥበቶች መካከል የምትጨምሩት ከ2 ኪሎ እንዳይበልጥ ስትጠነቀቁ በማሽኑ ላይ ያለው ስቃይም ይቀልላል። ኩላሊት ሲቆም በደም ውስጥ የሚከማቸውን የፖታሲየም ማዕድን ነገር አትናቁ፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና የቲማቲም ድልህ ልብን በድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ። ድንች ካማራችሁ ልጣችሁና ከትፋችሁ በብዙ ውኃ ቀቅሉት፤ ውኃውን ደፍታችሁም እንደገና ቀቅሉት።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት እኛ መቅረት አንችልም ነበርና አፍንና አፍንጫችንን ሸፍነን ባዶ በሆነ መንገድ ወደ ሆስፒታል እንመላለስ ነበር። በዚያ ዓመት ስቅለት ሚያዝያ 9 ቀን ዋለ። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ጸሎቱን በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ተነግሯል፤ የእኔ ደግሞ ተራዬ አርብ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስቅለትን ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አላውቅም። እንደ ሌላው ዓመት ቢሆን ኖሮ፣ ኪርያላይሶን እያልኩ ወድቄ እየተነሣሁ፣ በስተመጨረሻም በወይራ ቅጠል ተጠብጥቤ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ እመለስ ነበር። ያን ቀን ግን በክንዴ ሁለት መርፌ ተሰክቶ፣ እንኳን ልሰግድ ቀና ማለትም አልችልም።

ጋሼ ስልካቸውን ለሲስተር ሰጥተው የስቅለቱን ጸሎት ስርጭት እንድትከፍትላቸው ጠየቁ። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቆመችው። እማማን እንዳይረብሽ ፈርተን እርስ በርስ ስንተያይ፣ «ከፍ አድርጉት እንጂ፣ እኔም ልስማ፤ የእናንተም ቀን ነው» አሉ፤ የእሳቸው ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከዚያም 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ሲባል፣ መስገድ የማንችለው እኛ ጭንቅላታችንን ከትራሱ ላይ ትንሽ ቀና እያደረግን መልሰን እናሳርፍ ጀመር። ያ ነበር ስግደታችን። ወጣቱ በእርሱ ቤተ እምነት እንዲህ ያለ ሥርዓት ባይኖርም ከእኛ ጋር ጭንቅላቱን ያነሣና ያሳርፍ ነበር። ስድስቱ ማሽኖች ይሠራሉ፤ አንዱ ይጮኻል፣ ሲስተር ሮጣ ታጠፋዋለች፤ ጸሎቱ ይቀጥላል።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ወንጌሉ ተነበበና «ተጠማሁ» የሚለው ቃል ተሰማ። በሕይወቴ ሙሉ በየዓመቱ የሰማሁት ቃል ነው። ያን ቀን ግን በክፍሉ ውስጥ ከንፈሩ ያልደረቀ ሰው አልነበረም። ቀና ብዬ ሳይ ወጣቱ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ጋሼ፣ ጋሼ ወደ ጣሪያው እያየን ነበር፤ ማናችንም አልተናገርንም። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል ከሩቅ ሆኖ የሚያይ፣ ሊያድነኝ እየቻለ የዘገየ አምላክ ነበር የምለምነው። አፉ ደርቆ፣ ምላሱ ከትናጋው ተጣብቆ፣ ውኃ ለምኖ ሆምጣጤ የተሰጠው አምላክ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ እንደ ሰባተኛ ታማሚ አብሮን እንዳለ ተሰማኝ። ራእይ አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ጥማቴም አልቆመም። ብቻዬን የተጠማሁ መሆኔ ግን በዚያ ሰዓት አበቃ። እስከ ዛሬም አንደኛዋን ሲኒ ስጠጣ «ተጠማሁ ያልክ ጌታ» ብዬ አማትቤ ነው፤ ከዚህ የረዘመ ጸሎት የማልችልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

እምነት ከተገኘ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጽፍ እዋሻችኋለሁ። በጾም ወራት በሐኪም ትእዛዝ የእንቁላል ነጭ መብላት ግድ ሆነብኝ፤ እጥበት የሰውነትን ፕሮቲን ስለሚወስድና ሽሮውና ምስሩ ብቻውን ስለማይበቃኝ። በሁዳዴ እንቁላል እየበላሁ ባለቅስ የንስሐ አባቴ «ያንቺ ጾም ውኃው ነው፤ እርሱን የሚያህል ማን ይጾማል?» አሉኝ። ታማሚዎች ሆይ፣ ይህን ከራሳችሁ ጋር ብቻ አትከራከሩበት፤ ለካህናችሁ በግልጽ ንገሩ፣ ሐኪማችሁ የሚሉትንም ጨምራችሁ ንገሩ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ቅናቱ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሚስማማ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ያገኘ ሰው ተስፋ አለው። የወጣቱ እናት ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመርምራ ተስማማች። ዜናውን ሲነግረን እልል አልን፤ እኔም አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ የእኔ እናት በዕድሜና በስኳር ሕመም ምክንያት አትችልም፣ የወንድሜም ምርመራ ገና አላለቀም ነበርና። በሚቀጥለው ሰኞ ለጋሼ ብቻ፣ አፍሬ፣ «ቀንቻለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እኔም» አሉኝ። ከዚያ ሁለታችን ስለ ልጁ ቀዶ ጥገና ጸለይን፤ የዚያን ዕለቱን ያህል ከልቤ የጸለይኩት ጸሎት ብዙ አይደለም። በመከራ ያሉ ሰዎች የሚጋሩት መልካሙን ብቻ መሆን የለበትም፤ የሚያሳፍረውንም ለአንድ ለታመነ ሰው ብትናገሩት ሸክሙ ይቀልላል። ልጁ ድኖ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ ሊጠይቀን ሲመጣ ግን ውኃ በእጁ ይዞ አይገባም፤ ማንም ሳይነግረው በር ላይ ያስቀምጠዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛው መልእክት መግቢያ ላይ፣ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን እኛም በዚያው መጽናናት ሌሎችን እንድናጽናና መሆኑን ይናገራል። ይህ ቃል በደንብ ሳይገባኝ ወደ አዲስ ሕመምተኞች ሄጄ ብዙ ማውራት ጀምሬ ነበር፤ አንዷን ሕፃን ያላት እናት በምክር ብዛት አስመርሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንድታዞር ያደረግኳት እኔ ነኝ። ያን አዟዟር አውቀዋለሁና ደነገጥኩ። አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ የማደርገው ጥቂት ነገር ነው። ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይዞ እንዲመጣ እነግረዋለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚነግረው የለምና። ፊስቱላ ሲሠራለት፣ ማለትም ለእጥበት መርፌ እንዲመች የክንዱ ደም ሥሮች በቀዶ ጥገና ሲገናኙለት፣ በዚያ ክንዱ ግፊት እንዳይለካ፣ ደም እንዳይቀዳ፣ ከባድ ዕቃም እንዳይሸከም እነግረዋለሁ፤ በየጠዋቱ እጁን አስቀምጦ ንዝረቱን እንዲያዳምጥ፣ ከቆመ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንዲሮጥ። ስለ እግዚአብሔር የምናገረው ሲጠይቀኝ ብቻ ነው። አብዛኞቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጠይቃሉ።

ጋሼ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ቤታቸው ተኝተው ዐረፉ። አርብ ስንመጣ ማሽናቸው ተሸፍኖ ነበር። ሲስተር ሳትነግረን አወቅን። 4 ሰዓት ሙሉ ማንም አላወራም፤ በመጨረሻ እማማ ጋሼ ስንት ልጆች እንደነበሯቸው ጠየቁኝና፣ አለማወቄን ሳስተውል ያን ጊዜ አለቀስኩ። በሳምንት 12 ሰዓት አብሬያቸው ተቀምጬ ጥማታቸውን አውቃለሁ፣ ቅናታቸውን አውቃለሁ፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ግን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ እጥበት በሌለን ቀን፣ አራት ሆነን ለቅሶ ሄድን፤ እማማ፣ ያኔ ቀዶ ጥገናው ገና ያልተደረገለት ወጣቱ፣ አንድ አዲስ ታማሚና እኔ። ክንዳችን ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ፊታችን ጠቁሮ በድንኳኑ በር ስንገባ ለቀስተኛው ሁሉ አየን። አንድ የጋሼ ዘመድ በትሕትና ቀርቦ በምን እንደምንተዋወቅ ጠየቀን፤ ወጣቱ «አብረን ነበርን» ብቻ አለው። ጥግ ይዘን ተቀመጥን። የዕድሩ ሴቶች ንፍሮና ውኃ እያዞሩ ነበር፤ ለሰው ሁሉ በብርጭቆ ሞልተው እየሰጡ ወደ እኛ ሲደርሱ እንዴት ብለን እንደምንመልስ ጨንቆን እርስ በርስ ተያየን።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። ማንነታችንን አልጠየቁም። ክንዳችንን አይተው ወደ ጓዳ ተመለሱና በትንሽ ረከቦት ላይ አራት ሲኒ ይዘው መጡ፤ እያንዳንዱ ሲኒ እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ውኃ ነበረው። «ልካችሁን አውቃለሁ» አሉና ከአጠገባችን ከምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።